ዚዚ ፕላንትን ሚገድለው ጥማት አደለም፦ በየቤቱ ሚባሉ ነገሮችና እውነታው

ባለፈው ክረምት ጎረቤታችን ያሉ እማማ ዚዚ ፕላንታቸውን (ቤት ውስጥ በፖት ሚቀመጠውን አትክልት) ታቅፈው መጡ፣ "እስኪ እየው ልጄ፣ ምን ሆነብኝ?" አሉኝ። ግንዶቹ ከስራቸው ቢጫ ሆነው ወደ ጎን ተኝተዋል። ከፖቱ ገልብጠን ስናወጣው አፈሩ ጭቃ ነው፣ ከስር ያለው ድንች ሚመስለው ነገር ደሞ በጣት ሲነካ ይፈርሳል፣ ሽታው ራሱ የበሰበሰ ድንች ነው። ለካ በየቀኑ ጠዋት አንድ ኩባያ ውሃ ያጠጡት ነበር፣ በጣም ነው ያሳዘኑኝ፣ እንደልጅ ነበርኮ ሚንከባከቡት። ከዛ ወዲህ ጅማ ውስጥ እዚም እዛም ስለዚ አትክልት ምሰማውን ልፃፍ ብዬ ነው።

"የሞቃት አገር ተክል ስለሆነ ውሃ ይወዳል" ሚባለው ከሁሉም በላይ ጎጂው ነው። ዚዚ የተፈጥሮ ቦታው ከኬንያ አንስቶ እስከ ደቡብ አፍሪካ ነው፣ እዛ ደሞ ዝናብ ለወራት ሚጠፋበት ጊዜ አለ፣ ስለዚ ከስር ያለው ድንች መሳዩ ነገር የውሃ ማጠራቀሚያው ነው፣ እናንተ ብትረሱት ከራሱ ስንቅ ይጠጣል። ስንቁ ሞልቶ እያለ አፈሩ ሁሌ እርጥብ ከሆነ ግን ስሩ አየር ያጣና ይበሰብሳል። የኛ ከተማ ዝናብ ደሞ ታውቁታላችሁ፣ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም ድረስ ነው፣ ቤት ውስጥ የተሰጣ ልብስ 2 ቀን ሙሉ አልደርቅ ሲል ፖት ውስጥ ያለ አፈር እንዴት ይደርቃል? በበጋ በ2 ወይ በ3 ሳምንት አንዴ ይበቃዋል፣ በክረምት አንድ ወር ቢቆይም ምንም አይሆንም። ግን ቀን ከመቁጠር ይልቅ ቀጭን የእንጨት ስንጥር እስከ ፖቱ ወለል ሰክታችሁ አውጡት፣ አፈር ይዞ ከወጣ ውሃ አታጠጡ በቃ።

ሁለተኛው የቡና አተላ ነው። ቡና ከተጠጣ በኋላ ጀበናው ሚደፋው ፖቱ ላይ ነው፣ "ማዳበሪያ ነው" እየተባለ። አተላ ከሌላ ነገር ጋር ተቀላቅሎ ሲብላላ ጥሩ ኮምፖስት ይሆናል፣ እሱ ልክ ነው፣ እርጥቡን በየቀኑ ፖት ላይ መድፋት ግን አፈሩን እንደ ክዳን ይሸፍነዋል፣ ሻጋታ ያበቅላል፣ ትንንሽ ጥቋቁር ዝንቦች ይራቡበታል፣ በዛ ላይ አሁንም ውሃ ነው።

"ቀዳዳ ባይኖረውም ከስር ጠጠር አድርጌበታለሁ" ሚሉም ብዙ ናቸው። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር ቶሎ አይወርድም፣ አፈሩ እስኪጠግብ እዛው ተንጠልጥሎ ይቆያል፣ ስለዚ ጠጠሩ እርጥበቱን ወደ ስሩ ያስጠጋዋል እንጂ አያርቀውም። ቀዳዳ ያስፈልገዋል፣ ሌላ መላ የለውም። ቀዩ አፈራችን ብቻውን ፖት ውስጥ ይጠጥራል፣ ግማሽ በግማሽ ከሻካራ አሸዋ ጋር ቀላቅሉት።

"ብርሃን አይፈልግም" ሚባለውም ልክ አደለም፣ ጨለማ ኮሪደር ላይ ይታገሳል እንጂ አያድግም፣ አዲስ ግንድ ካወጣም ቀጥኖ ብርሃን ወዳለበት ይንጋደዳል። መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ ማያገኘው ቦታ ላይ አስቀምጡት።

"መርዝ ነው፣ መንካቱ ራሱ ካንሰር ያመጣል" ሚባለው ብዙ ሰው አስፈርቶ አትክልቱን አስጥሏል። ካንሰር ለሚለው ምንም ማስረጃ የለም። ውስጡ ያለው ካልሲየም ኦክሳሌት ሚባል እንደ መርፌ የሾለ ደቃቅ ነገር ነው፣ ይሄንን ደሞ እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን፣ ጎደሬ ስንልጥ እጃችንን ሚበላን፣ በደንብ ሳይበስል ሲቀር ጉሮሮ ሚከረክረን እሱ ነውኮ! ጎደሬና ዚዚ ዘመዳሞች ናቸው። ስለዚ ህፃንና ድመት እንዳያኝኩት ከፍ አድርጉት፣ ስትቆርጡት እጃችሁን ታጠቡ፣ ከዛ ውጪ አትፍሩት።

አየር ያጣራል ለሚሉት ደሞ፣ ወሬው የመጣው የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ በፈረንጆቹ 1989 ካወጣው ጥናት ነው፣ እሱ ግን የተሰራው ድፍን ባለ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ነው። በፈረንጆቹ 2019 የወጣ ግምገማ ደሞ መደበኛ የአየር ዝውውር ሚሰራውን ለመስራት በ1 ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 1000 አትክልት እንደሚያስፈልግ አስልቷል። ለከሰሉ ጭስ መስኮት ክፈቱ። "ማታ ኦክስጅን ይሻማል" ሚሉትም አያሳስባችሁ፣ አጠገባችሁ ሚተኛው ሰው ከሱ በብዙ እጥፍ ይጠቀማል።

የእማማን ዚዚ የበሰበሰውን ቆርጠን ጣልን፣ ከዳነው ግንድ ላይ ቅጠሎች ቀንጥበን ታችኛውን ጫፋቸውን አሸዋማ አፈር ውስጥ ሰካን። እዚም ላይ ሰው ይሳሳታል፣ በወር ውስጥ ካልበቀለ ሞቷል ብሎ ይጥለዋል፣ ቡቃያ እስኪወጣ ግን ብዙ ወራት፣ አንዳንዴ አመት ሊፈጅ ይችላል፣ መጀመሪያ ሚሰራው ከስር ያለውን ማጠራቀሚያውን ነው። ባለፈው ሳምንት እማማ "ይኸው ምንም የለም" ሲሉኝ የአንዷን ቅጠል አፈር በቀስታ ገለጥ አድርጌ አሳየኋቸው፣ ጫፏ ላይ ሽንብራ ምታክል ድንች ይዛለች። እማማ ራሳቸው አፈሩን በጣታቸው መለሱላት።