ማስተርስ ላይ ሌላ ማስተርስ?

የነገረ መለኮት ትምህርት ሲነሳ ብዙ ሰው የሚደናገረው ማስተርስ ላይ የሚደረበው ሌላ ማስተርስ፣ «ማስተር ኦቭ ቲኦሎጂ»፣ ላይ ነው። በሰሜን አሜሪካ ሴሚናሪዎች «ማስተር ኦቭ ዲቪኒቲ» የሚባለው ለአገልግሎት የሚያዘጋጅ፣ አብዛኛውን ጊዜ 3 ዓመት የሚፈጅ ዲግሪ ነው፤ ስብከቱም፣ ምክር አሰጣጡም፣ የቤተ ክርስቲያን ታሪኩም በውስጡ አለ። ቀድሞ «ባችለር ኦቭ ዲቪኒቲ» ይባል ነበር። የግራ መጋባቱ ግማሽ የመጣው ከዚህ የስም ሹመት ይመስለኛል።

«ማስተር ኦቭ ቲኦሎጂ» ከዚያ በላይ ይቀመጣል። በሙሉ ጊዜ ለሚማር አንድ ዓመት ገደማ ይወስዳል፤ ተማሪው ከሁሉም መቅመሱን ትቶ አንድ መስክ ይይዛል። ብሉይ ኪዳንን የመረጠ ሰው የትንቢተ ኢሳይያስን አንድ ምዕራፍ ከነዕብራይስጡ፣ ቃል በቃል ሲመረምር ሊከርም ይችላል። በእንዲህ ዓይነቱ መስክ የቋንቋ ዕውቀት ከመግቢያው በር ላይ የሚጠየቀው ለዚህ ነው። ብዙዎች ለዶክትሬት መንደርደሪያ ያደርጉታል።

ስሙ ብቻውን ግን አይታመንም። በብሪታንያ በዚሁ ስም የሚሰጠው ዲግሪ ከመጀመሪያ ዲግሪ ቀጥሎ የሚወሰድ ሊሆን ስለሚችል፣ መታየት ያለበት የመግቢያ መስፈርቱ ነው። የቫቲካን ዕውቅና ባላቸው የካቶሊክ ፋኩልቲዎች ደግሞ ተቀራራቢው 2 ዓመት የሚወስደው «ሊሴንሺየት» ሲሆን፣ በዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት ለማስተማር ያበቃል።