ማልቀስ ሶብርን ያፈርሳልን?

ለቅሶ ቤት በተቀመጥን ቁጥር አንዱ «አታልቅሱ፣ ሶብር አድርጉ» ሲል ሌላው ቅር ስለሚሰኝ፣ «ሶብር» (ትዕግሥት) የሚለውን ቃል ትርጉም ማብራራት አስፈላጊ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሶብር ማለት ሐዘን አለመሰማት አይደለም፤ ልብን በአላህ ውሳኔ ከማማረር፣ ምላስን ከማይገባ ንግግር፣ እጅንም ፊት ከመንጨትና ልብስ ከመቅደድ መግታት ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ሕፃኑ ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አንብተዋል፤ ዓይን እንደሚያነባ፣ ልብም እንደሚያዝን፣ አንደበት ግን ጌታን ከሚያስደስተው በቀር እንደማይናገር አስተምረዋል። ነቢዩ የዕቁብም ሐዘናቸውን ለአላህ ማሰማታቸው በቁርኣን ሱረቱ (ምዕራፍ) ዩሱፍ 86ኛው አንቀጽ ሰፍሯልና፣ በሱጁድ (ግንባርን መሬት አስነክቶ በመስገድ) ላይ ሆኖ ለአላህ ብሶትን መንገር ሶብርን አይነካም።

ለምሳሌ እናቷ የሞተችባት ሴት ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ይዛ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» (እኛ የአላህ ነን፤ ወደ እርሱም ተመላሾች ነን) እያለች እንባዋ ቢወርድ ሶብር ላይ ናት፤ ደረቷን እየደቃች «ምን በደልኩህና ነው» ብትል ግን ወሰኑን አልፋለች። (እዚያው ሰው መሃል መገሠጽ ግን፣ በእኔ እይታ፣ ሐዘን ላይ ሐዘን መጨመር ነው።)

እስካሁን ያልኩት ግልጽ ነው። ዑለማዎች (የሃይማኖቱ ሊቃውንት) የተለያዩት ከሶብር ከፍ ባለው ደረጃ፣ ማለትም መከራውን ወድዶ በመቀበል (ሪዷ) ላይ ነው፤ አንዳንዶች ግዴታ ሲሉት ብዙዎቹ የተወደደ እንጂ ግዴታ አይደለም ብለዋል። ሶብር ራሱ የሚገኘው ደግሞ መከራው በደረሰ ዕለት ብቻ በሚደረግ ጥረት አይደለም፤ ቁርኣን በሱረቱል በቀራህ 153ኛው አንቀጽ «በሶብርና በሶላት ታገዙ» ሲል፣ በየቀኑ አምስት ጊዜ ከምንቆምበት ሶላት ጋር አያይዞታል።