በርድ ስትራይክ ምንድን ነው?

ባሕር ዳር ኤርፖርት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ። በረራችን ዘገየ። የመጣው አውሮፕላን ሲያርፍ ወፍ ገጭቶ ስለነበር፣ ቴክኒሻኖቹ እስኪፈትሹት ጠብቁ ተባልን። አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት ስልኩን እየነካካ «ለአንዲት ወፍ ነው ይሄ ሁሉ?» አለ። ከፊታችን ጋቢ የለበሱ አባት ዘወር ብለው አዩት። «ልጄ፣ እዚህ ከተማ ወፍ አይናቅም» አሉትና ተመልሰው ዞሩ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ምን ለማለት እንደፈለጉ ገብቶኛል። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ቄጤማ ገና ሳይደርቅ፣ ከዚሁ ከተማ አንድ ቦይንግ 737 ተነሳ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 604፣ ከአዲስ አበባ መጥቶ ወደ አስመራ የሚሄድ። 104 ሰው ይዟል። ተንደርድሮ ሊነሳ ሲል የእርግብ መንጋ መሃል ገባ። ሁለቱም ሞተሮች እርግብ ዋጡ። ፓይለቶቹ ሊመለሱ ዞሩ፤ ሞተሮቹ ግን ከዷቸው። ጎማ ሳይዘረጋ ሜዳ ላይ አሳረፉት፣ እሳት ተነሳ። 35 ሰዎች ሞቱ። ስድስቱን የበረራ ሠራተኞች ጨምሮ 69 ተረፉ።

በርድ ስትራይክ የሚባለው ይሄ ነው፤ አውሮፕላንና ወፍ ሲጋጩ። በአማርኛ የወፍ ግጭት ይሉታል። «ግጭት» ሲባል ወፏም በኩሏ ጠብ የፈለገች ያስመስላል እንጂ ሌላ የተሻለ ቃል አላገኘሁም። ደግሞ ብርቅ ነገር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ብቻ በዓመት ከ10 ሺህ በላይ ይመዘገባል። አብዛኛው የደም ነጥብና ሁለት ላባ ትቶ ያልፋል፤ ተሳፋሪው አያውቀውም።

ታዲያ እርግብ ምን አቅም አላት? የ1981ዷ ወፍ ሁላችንም የምናውቃት ናት። ጀርባዋ ዳማ፣ ክንፏ ላይ ነጭ ነጠብጣብ፣ ዓይኗ ዙሪያ ቀይ። ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ የምታጉረመርመው። ክብደቷ 350 ግራም ቢሆን ነው። ነገር ግን አውሮፕላኑ በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ከተገናኙ፣ የምቱ ጉልበት 20 ኪሎ ጤፍ ያለበት ጆንያ ከ5 ሜትር ከፍታ እንደመውደቅ ነው። ጉልበቱን የሚያመጣው የወፏ ክብደት ሳይሆን ፍጥነቱ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ምቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

ሞተሩ ጋ ሲደርስ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የጄት ሞተር አፍ ላይ እንደ ቬንትሌተር ክንፍ የተደረደሩ ብረቶች አሉ። አየር ስበው ወደ ውስጥ ይገፋሉ፤ አየሩ እየተጨመቀ ሄዶ ከነዳጅ ጋር ይቃጠላል። ከእነዚህ ብረቶች ጥቂቶቹ ከተጣመሙ የአየሩ አካሄድ ይዛባል። የተጨመቀው አየር ወደ ፊት ይመለሳል። እንደ መድፍ ጓ! ጓ! የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ነበልባልም ይታያል።

በመስኮቱ እያየሁ ነበር። አንዱ ቴክኒሻን መሰላል ላይ ቆሞ ባትሪ እያበራ፣ የሞተሩን ብረቶች በእጁ ቀስ አድርጎ እያዞረ፣ ጠርዛቸውን አንድ በአንድ ይዳብሳል። ወይዘሮ ወፍጮ ቤት ሄዳ ዱቄት በጣቷ እንደምትፈትሽ። የሚፈልገው ስንጥቅና ጥምዝ ነው።

«ወፍ ካዩ ለምን አያቆሙም?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። እያንዳንዱ በረራ ከመነሳቱ በፊት ፓይለቶቹ ቪ ዋን የሚሉትን ፍጥነት ያሰላሉ። ከሱ በታች ችግር ከመጣ ፍሬን ይያዛል። ከሱ በላይ ከሆነ ግን ማኮብኮቢያው ለማቆም አይበቃም፤ ያለው ምርጫ መነሳት ነው። ባሕር ዳር ደግሞ ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት። አየሩ ሳሳ ስለሚል አውሮፕላን ለመነሳት እዚህ ብዙ መሮጥ አለበት። የ604 እርግቦች የመጡት ቪ ዋን ካለፈ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ነገር። የአቪዬሽን ደህንነት የቆመው በመጠባበቂያ ነው። ሁለት ፓይለት፣ ሁለት ሞተር፣ ከአንድ በላይ የሃይድሮሊክ መስመር። አንዱ ሞተር ቢጠፋ አውሮፕላኑ በሌላው መነሳት እንዲችል ተደርጎ ይሠራል። ስሌቱ ሁለቱ ባንድ ጊዜ አይበላሹም የሚል ነው፤ የአንዱ ብልሽት ለሌላው ምኑም አይደለምና። መንጋ ግን ይህን ስሌት ያፈርሰዋል። ለሁለቱም ሞተር አንድ ምክንያት ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ ከአንድ ትልቅ ጥንብ አንሳ ይልቅ መቶ ትንንሽ እርግብ ሊያስፈራ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1960 ቦስተን ላይ 62 ሰው የሞተበትን አደጋ ያመጡት ከእርግብም የሚያንሱ ወፎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 ኒውዮርክ ላይ ዝይዎች የአንድ ኤርባስ አውሮፕላን ሁለት ሞተሮች ሲያጠፉ፣ ፓይለቱ ሀድሰን ወንዝ ላይ አሳረፈውና 155ቱም ተረፉ።

ሞተር ሠሪዎቹ ዝም ብለው አልተቀመጡም። ሞተሩን ለመፈተን፣ በሚሠራ ሞተር ውስጥ የሞተ ወፍ በአየር መድፍ ይተኩሳሉ። ለትንንሾቹ መንጋ ሞተሩ ጉልበቱ ከሩብ በላይ ሳይቀንስ መሥራት አለበት። አንድ ትልቅ ወፍ ከሆነ ግን ሞተሩ ቢቆምም ይፈቀዳል፤ ፈንድቶ ብረቱን ወደ ተሳፋሪው እንዳይረጭ ብቻ ነው። ማለትም ወፍ የማይነካው ሞተር የለም።

እንግዲህ የሚቀረው ወፍ መጠበቅ ነው፤ ይሄን ደግሞ እኛ እናውቃለን። ልጅ ሆኜ አያቴ ስጥ ታስጠብቀኝ ነበር። መጀመሪያ ቀን «እሽ!» ስል መንጋው ብር ይላል። በሁለተኛው ቀን ቆርቆሮ መምታት ጀመርኩ። በሦስተኛው ቀን እርግቦቹ ቆርቆሮውን እየሰሙ ይለቅማሉ። አያቴ መጥታ ከሰሌኑ ውጭ የተንጠባጠበውን እህል ጠራረገች። «ጠርተሃቸው ነው እንዴ የምታባርራቸው?» አለችኝ።

ኤርፖርቶችም እዚያው ደርሰዋል። የጋዝ መድፍ አለ፣ የሚጮኽ ድምፅ ማጉያ አለ፣ አንዳንድ አገር የሠለጠነ ጭልፊት ያበርራሉ። ወፎቹ ይለምዱታል። ስለዚህ ትልቁ ሥራ ምግብና ውሃ ማራቅ ሆነ። የረጋ ውሃ ይፋሰሳል። የቆሻሻ መጣያ ከኤርፖርት 13 ኪሎ ሜትር እንዲርቅ ይመከራል። ባሕር ዳር ላይ ግን ጣና አለ። ከአውሮፓ የሚመጡ ብርድ ሸሽ ወፎች የሚያርፉበት ሐይቅ ነው፤ እሱን የት ታርቀዋለህ?

የማኮብኮቢያው ዳር ሳር ነገር ደግሞ የባሰ ራስ ምታት ነው። ሲታጨድ ፌንጣው ይገለጣል፣ ከብት የሚከተለው ነጭ ወፍ ግር ብሎ ይመጣል። ሲተው አይጥ ይራባል፣ አይጡን ፍለጋ ጭልፊት ከላይ ይዞራል። ስንት ሴንቲ ሜትር ይሁን በሚለው ላይ ባለሙያዎቹ ራሳቸው አንድ አይደሉም።

አንድ ሰዓት ከሩብ ቆይተን ተሳፈርን። ስንንደረደር በመስኮት ያየሁት ሳር ጉልበት ድረስ ነበር።