«ካርዱን አስቀይሬዋለሁ፣ አበቃ»፦ ስለ ሰብስክሪፕሽን ቻርጅ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ካርዱን እኮ አስቀይሬዋለሁ! ታዲያ አሁንም እንዴት ይወስዱብኛል?» ቨርጂኒያ ውስጥ በምሠራበት የባንክ ቅርንጫፍ ይህን ጥያቄ የማልሰማበት ሳምንት የለም። የሚጠይቁኝ በአብዛኛው የእኛው ሰዎች ናቸው፤ አማርኛ የምትናገር ሠራተኛ እንዳለች ሰምተው፣ ተራቸውን ጠብቀው እኔ ጋ ይቀመጣሉ። በመምጣታቸው ደስ ይለኛል። የሚያበሳጨኝ ጉዳዩ እኔ ጋ የሚደርሰው ወራት ካለፉ በኋላ መሆኑ ነው፤ በጊዜው ቢመጡ ኖሮ የሚመለስ ገንዘብ የሕጉ ቀን አልፎበት ይገኛል። ሰዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው የተቀመጡ አይደሉም። ከዘመድ፣ ከሥራ ባልደረባ፣ ቡና ላይ ካገኙት ሰው የሰሙትን ምክር ሲከተሉ ነው የከረሙት። የተሳሳተው ምክሩ ነው።

ከሁሉም የከፋው ደግሞ ካርድ ከተቀየረ ሰብስክሪፕሽኑ፣ ማለትም በየጊዜው በራሱ የሚቆረጠው ክፍያ፣ ይቆማል የሚለው ነው። አይቆምም። ቪዛ «አካውንት አፕዴተር»፣ ማስተርካርድ ደግሞ «አውቶማቲክ ቢሊንግ አፕዴተር» የሚሉት አገልግሎት አላቸው። በዚህ አገልግሎት የሚጠቀም ባንክ አዲስ ካርድ ሲሰጣችሁ አዲሱን ቁጥርና የማብቂያ ቀኑን ወደ ሥርዓቱ ያስገባል፤ የድሮ ካርዳችሁን መዝግቦ የያዘው ሻጭም አዲሱን ከዚያ ያገኛል። ቤት ስትቀይሩ ፖስታ ቤቱ ደብዳቤያችሁን ወደ አዲሱ አድራሻ እንደሚያዞረው ማለት ነው። ለክፋት የተሠራ አይደለም፤ የካርዳችሁ ጊዜ ባለቀ ቁጥር የመኪና ኢንሹራንሳችሁና የስልክ ክፍያችሁ እንዳይቋረጥ ነው። ግን በዚያው መንገድ የረሳችሁት የክሬምና የቫይታሚን ሰብስክሪፕሽንም ይከተላችኋል።

ምክሩ ለምን እንደማይሞት ይገባኛል። ሁሉም ባንክና ሁሉም ሻጭ በአገልግሎቱ ስለማይጠቀም አንዳንዱ ሰው ካርድ ቀይሮ በእርግጥ ይገላገላል። «ለእኔ ሠርቶልኛል» ይላል፤ የሰማው ሁሉ ያምነዋል። ክፍያው ባይሳካ እንኳ ግን ከሻጩ ጋር የገባችሁት ውል አልፈረሰም። ያልተከፈለውን እንደ ዕዳ ቆጥሮ ለዕዳ ሰብሳቢ የሚያስተላልፍ ድርጅት አለ።

በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ አንዲት ደንበኛ የመላኪያውን ብቻ ከፍለው የፊት ክሬም አዘዙ። የሙከራው ጊዜ ሲያልቅ ሙሉ ዋጋው በየወሩ ይቆረጥ ጀመር። ጎረቤት «ጠፋብኝ ብለው ያስቀይሩ» አሏቸው፤ አስቀየሩ። ቻርጁ በአዲሱ ካርድ መጣ። እንደገና አስቀየሩ። እኔ ጋ ሲመጡ ሦስተኛ ካርዳቸውን ይዘው ነበር፣ ለሻጩ ግን አንድም ጊዜ «በቃኝ» አላሉትም። ኢሜይላቸውን አብረን ከፍተን የትዕዛዙን ደረሰኝ ፈለግን፤ የማቆሚያው ሊንክ ከሥሩ ነበር። የመጨረሻዎቹን ክፍያዎች አስመለስን፣ የቀደሙት ግን ቀሩ። በጣም አዘንኩ፣ ምክንያቱም ያ ገንዘብ የእሳቸው የጽዳት ሥራ ደሞዝ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ ሻጩ ዘንድ ካንስል አድርጉ፤ የማረጋገጫ ኢሜይሉን አስቀምጡ ወይም ስክሪኑን ፎቶ አንሱ። ቀጥሎ ለባንካችሁ «ለዚህ ድርጅት የሰጠሁትን ፈቃድ አንስቻለሁ» በሉ። ክፍያው በየጊዜው ከዴቢት ካርድ ወይም ከሂሳባችሁ የሚቆረጥ ከሆነ፣ ከሚቀጥለው መቁረጫ ቀን ቢያንስ 3 የሥራ ቀን አስቀድማችሁ ክፍያው እንዲታገድ ማዘዝ በፌዴራል ሕግ መብታችሁ ነው። በስልክ ካዘዛችሁ ባንኩ በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንድታረጋግጡ ሊጠይቅ ይችላል፤ ጽፋችሁ ስጡ። ካርድ መቀየር ከፈለጋችሁ ከዚህ በኋላ ቀይሩ።

የምሰማቸውን ሌሎች አባባሎችም በየተራ እንያቸው። «አፑን ከስልኬ አጥፍቼዋለሁ።» አፕ ማጥፋት ሰብስክሪፕሽን አያጠፋም። በአይፎን ሴቲንግስ ገብታችሁ፣ ከላይ ያለውን ስማችሁን ነክታችሁ፣ ሰብስክሪፕሽንስ የሚለውን ክፈቱ። በአንድሮይድ ፕሌይ ስቶር ውስጥ ፎቷችሁን ስትነኩ ይመጣል። በድርጅቱ ዌብሳይት የተመዘገባችሁበት ግን እዚያ አይታይም፤ ወደ ዌብሳይቱ መመለስ ግድ ነው።

«1 ዶላር ሰረቁኝ።» አብዛኛውን ጊዜ ካርዱ እንደሚሠራ መሞከሪያ ነው፤ በቀናት ውስጥ ራሱ ይጠፋል። ከየት እንደመጣ የማታውቁት ከሆነ ግን ደውሉ፤ የሰረቁትን ካርድ በትንሽ ብር የሚሞክሩ ሌቦችም አሉ።

«ሂሳቤ ውስጥ ገንዘብ ስለሌለ ሊወስዱ አይችሉም።» ይችላሉ። ባንኩ ከራሱ ከፍሎ የኦቨርድራፍት (ሂሳብ ውስጥ ካለው በላይ የማውጣት) ቅጣት ሊጨምርባችሁ ይችላል። «ኦቨርድራፍት አልፈልግም ብዬ ፈርሜያለሁ» የምትሉም አትዘናጉ፤ ያ ደንብ የሚመለከተው የኤቲኤምና የአንድ ጊዜ የዴቢት ግዢን ነው። በየወሩ ተደጋግሞ የሚቆረጠውን አይጨምርም።

«ፍሮድ (ማጭበርበር) ነው በል፣ ባንኩ ይመልስልሃል።» ይህን የሚመክር ሰው ወዳጁን እየጎዳ ነው። ካርዱን ራሳችሁ አስገብታችሁ «አላውቀውም» ካላችሁ ሻጩ የትዕዛዙን ቀን፣ ኢሜይላችሁንና ዕቃው የደረሰበትን የቤት አድራሻ ለባንኩ ይልካል። አንድ ሾፌር ወንድማችን እንዲህ ብሎ ባንኩ ለጊዜው ገንዘቡን መለሰለት። ምርመራው ሲያልቅ የተመለሰው ተወሰደ፤ ያውም የቤት ኪራይ በሚከፍልበት ሳምንት። የሚያሳዝነው እውነተኛው ታሪኩ ጥሩ ዲስፒዩት፣ ማለትም ባንክ የሚቀበለው የክፍያ ክርክር፣ ይሆንለት ነበር፤ ካንስል ያደረገበት ኢሜይል ስልኩ ውስጥ ነበር፣ ድርጅቱ ከዚያ በኋላም አስከፍሎታል። «ካቆምኩ በኋላ አስከፈሉኝ» ለባንክ በቂ ምክንያት ነው። የሆነውን እንደሆነ ተናገሩ።

«ዴቢትም ክሬዲትም ያው ነው።» ያው አይደለም፤ ዴቢት ከራሳችሁ ሂሳብ ይቆርጣል፣ ክሬዲት ግን በብድር ተከፍሎ በኋላ የምትከፍሉት ነው፤ ሕጋቸውም የተለያየ ነው። ክሬዲት ካርድን የሚመለከተው በ1974 የወጣው ሕግ፣ ስህተቱ የታየበት ስቴትመንት (ባንኩ በየወሩ የሚልከው የሂሳብ ዝርዝር) ከተላከላችሁ ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንድታመለክቱ ይላል። ባንኩ ሲያጣራ የተከራከራችሁበትን መጠን ሳትከፍሉ መቆየት ትችላላችሁ፤ ማጣራቱም ከ90 ቀን አያልፍም። በዴቢት ግን ገንዘቡ ከእጃችሁ ወጥቷል። በ1978ቱ ሕግ መሠረት ባንኩ ለማጣራት 10 የሥራ ቀን አለው፤ ከዚያ በላይ ከፈለገ በአብዛኛው ገንዘቡን ለጊዜው መልሶላችሁ እስከ 45 ቀን፣ አንዳንዴም እስከ 90 ቀን ይቀጥላል። ያልፈቀዳችሁት ክፍያ የታየበት ስቴትመንት ከተላከ 60 ቀን አልፎ ዝም ካላችሁ፣ ከዚያ ወዲያ የተወሰደው በእናንተው ላይ ሊቀር ይችላል። ስቴትመንት ሳይከፍቱ መሳቢያ ውስጥ የሚከምሩ ደንበኞቼን የምቆጣው ለዚህ ነው። ኦንላይን ስትገዙ ክሬዲት ካርድ ካላችሁ በእሱ ግዙ። ከሌላችሁ ትንሽ ገንዘብ ብቻ የሚቀመጥበት ሌላ ሂሳብ ክፈቱ።

«በአንድ ክሊክ ማቆም ሕግ ሆኗል።» ሊሆን ነበር። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንቡን በኦክቶበር 2024 አጽድቆ ነበር፤ በጁላይ 2025 ግን የይግባኝ ፍርድ ቤት ሻረው። በ2010 የወጣው የኦንላይን ሸማቾች ሕግ ግን አለ፤ ሻጩ የካርድ ቁጥራችሁን ከመቀበሉ በፊት ውሉን በግልጽ እንዲያሳይ፣ ፈቃዳችሁን እንዲያገኝና ቀላል የማቆሚያ መንገድ እንዲያዘጋጅ ያስገድዳል።

«የእኔ ጥፋት ነው፣ ሳላነብ ነው የነካሁት።» እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ እናቶችና አባቶች ከልጆቻቸው ደብቀው ለወራት የሚከፍሉት በሐፍረት ነው። ንግድ ኮሚሽኑ አማዞንን በ2023 የከሰሰው ደንበኞችን በደንብ ሳይስማሙ ፕራይም የተባለው የክፍያ አባልነቱ ውስጥ ያስገባል፣ መውጫውንም ሆን ብሎ ያወሳስባል በሚል ነው። በክሱ እንደተገለጸው የመውጫ ሂደቱ በኩባንያው ውስጥ «ኢሊያድ» ይባል ነበር፤ በረጅሙ የሆሜር ግጥም ስም። አማዞን ጥፋቱን ሳያምን በሴፕቴምበር 2025 በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ተስማማ፤ 1.5 ቢሊዮኑ ለደንበኞች የሚመለስ ነው። እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ሰዎች በብዛት የገቡበትን ነገር እናንተ ብትገቡበት የሚያሳፍር ምን አለው? ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፣ ዛሬውኑ ያግዟችሁ።

«እንግሊዝኛዬ ለክርክር አይበቃም።» ባንካችሁ ስትደውሉ መጀመሪያ «አምሃሪክ ኢንተርፕረተር» በሉ፤ ብዙ ባንኮች በስልክ አስተርጓሚ ያቀርባሉ። ዋሽንግተን ዲሲ የምትኖሩ ደግሞ በ2004 የወጣው የቋንቋ ሕግ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ እንዲያስተናግዷችሁ ያደርጋል፤ ሻጩ እምቢ ካለ ለከተማዋ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ክፍል አቤቱታ ማቅረብ ትችላላችሁ። ስትመጡም ሆነ ስትደውሉ የድርጅቱን ስም ስቴትመንቱ ላይ እንደተጻፈው፣ የተቆረጠበትን ቀንና መጠን፣ ካንስል ያደረጋችሁበትን ቀንና ማስረጃውን ያዙ። እነዚህን ይዞ የመጣ ሰው ጉዳዩ እዚያው ወንበር ላይ እያለ ይመዘገብለታል።