«ይህ ልጅ ትንፋሽ የለውም»፦ ስለ ትምህርት ቤት ባንድ ጀማሪዎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድ የ9 ወይም የ10 ዓመት ልጅ ትራምፔት ወይም ክላርኔት ይዞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ድምፅ ካላወጣ ፍርዱ ቶሎ ይሰጣል፦ «ጆሮ የለውም»፣ «ትንፋሹ ደካማ ነው»፣ «ለሙዚቃ አልተፈጠረም»። ጥፋቱ ግን ብዙውን ጊዜ ከልጁ አይደለም። ሪዱ (ክላርኔት ሲነፋ የሚንቀጠቀጠው ስስ የሸምበቆ ቁራጭ) ተሰንጥቆ፣ ቫልቩ (በትራምፔት በጣት የሚጫነው ቁልፍ) ቦታውን ስቶ፣ መሣሪያው ለክንዱ ረዝሞ ወይም ኖታው በስህተት ተሰጥቶት ይሆናል። በድሬዳዋና በሐረር የሙዚቃ ክበብ ያላቸው ትምህርት ቤቶች ባንድ ሲያቋቁሙ ወላጆችም መምህራንም ደጋግመው የሚያነሷቸውን አባባሎች ከዚህ በታች አንድ በአንድ እናያለን።

«ጠንክሮ ካልነፋ ድምፁ አይወጣም»

ትራምፔትና ትሮምቦን የሚጮኹት ከንፈር ሲንቀጠቀጥ ነው። አየሩ ከንፈሩን ካላንቀጠቀጠው የቱንም ያህል ቢገፋ ከቧንቧው የሚወጣው ነፋስ ብቻ ነው። ስለዚህ ልጁ መጀመሪያ ያለ መሣሪያ ይለማመድ። «ም» እንደሚል ከንፈሩን ይግጠም፣ የአፉን ጥግና ጥግ ያጥብቅ፣ መሐሉን ላላ አድርጎ አየር ያሳልፍ፤ ንብ የሚመስል ድምፅ ይሰማል። ቀጥሎ ያንኑ በማውዝፒሱ (ከንፈር በሚገጥምበት ተነቃይ ክፍል) ብቻ ይድገመው። ማውዝፒሱን በሁለት ጣት ጫፍ ይያዝ፤ በሁለት ጣት የተያዘ ነገር ከንፈር ላይ አጥብቆ ሊጫን አይችልም። ትልቁ ችግር ይህ መጫን ነው። ከንፈሩ ላይ ቀይ ቀለበት ከታየና በ5 ደቂቃ ውስጥ ድምፁ ከጠፋ ልጁ እየነፋ ሳይሆን እየተጫነ ነው፤ ከንፈሩ ደም ስለማያገኝ መንቀጥቀጥ ያቆማል። ጉንጭ መንፋትም የጉልበት ምልክት አይደለም፤ የከንፈሩን ጥግ ያላላዋል።

ልጁ በትክክል እየነፋም አየሩ ጨርሶ አላልፍ ካለ ቫልቮቹ ይታዩ። ሦስቱ ቫልቮች ቁጥር ተጽፎባቸዋል። ለዘይት ወይም ለጽዳት ወጥተው ሲመለሱ 1ኛው በ3ኛው ቦታ ከገባ፣ ወይም ቫልቩ ዞሮ «ቀጭ» ሳይል ከታሰረ፣ ቀዳዳዎቹ አይገጥሙምና መንገዱ ይዘጋል። ታዲያ «ትንፋሽ የለውም» የተባለው ልጅ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ሲታገል ነው የሰነበተው።

በክላርኔት ጉዳዩ ሌላ ነው። እዚያ የሚንቀጠቀጠው ሪዱ ነው። ለጀማሪ የሚስማማው 2 ቁጥር ነው፤ 3 ቁጥር ለአዋቂ ከንፈር ይሁን። የሪዱ ጫፍና የማውዝፒሱ ጫፍ እኩል ይሁኑ፣ ከበላዩ የፀጉር ውፍረት ያህል ጥቁር ብቻ ይታይ። የታችኛው ከንፈር በታች ጥርሶች ላይ ይታጠፍ፣ የላይ ጥርሶች ማውዝፒሱ ላይ ይረፉ፣ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል አፍ ውስጥ ይግባ። ትክክለኛነቱን መፈተኛው ቀላል ነው፦ ማውዝፒሱ ከበርሜሉ (ከሥሩ ካለው አጭር ቱቦ) ጋር ብቻ ተገጥሞ ሲነፋ በኪቦርድ ኤፍ ሻርፕ አካባቢ መሰማት አለበት፤ የአልቶ ሳክስፎን ማውዝፒስ ለብቻው ደግሞ ኤ። ከዚያ በጣም ከወረደ ከንፈሩ ልል ነው፣ ከወጣ እየነከሰ ነው። ሲጥ የሚል ጩኸት በበዛ ጊዜ ደግሞ ጣቶቹን እንዩ። ልጁ ቀዳዳዎቹን ለአፍታ ጫን ብሎ ይድፈንና እጁን ያንሳ፤ የጣቱ ሥጋ ላይ የሚቀረው ክብ ምልክት ጎደሎ ከሆነ አየር የሚሾልከው በዚያ ጣት ነው።

«ጥርሱ ስለወለቀ አንድ ዓመት ይጠብቅ»

ግማሽ እውነት አለው። የላይ የፊት ጥርሶች የሚተኩት ከ7 እስከ 9 ዓመት ባለው ጊዜ ነው፤ እስኪወጡ ድረስ ትራምፔትና ክላርኔት አይመቹም። ነገር ግን ዓመቱን ባዶ ማሳለፍ አያስፈልግም። ሪከርደር ወይም ዋሽንት ጥርስ አይጠይቅም፣ የምት መሣሪያም እንዲሁ። ሪከርደር ትንፋሽን ለስለስ አድርጎ መስጠትንና ቀዳዳ መድፈንን ያስተምራል። ሆኖም ባንድ ለመግባት የግድ መታለፍ ያለበት ደረጃ አይደለም፤ ኪቦርድም እንደዚያው።

«መንፋት ሳንባ ይጎዳል፣ አስም ያለበትማ ጨርሶ አይነካውም»

ጤናማ ልጅን መንፋት አይጎዳውም። አስሙ በሕክምና ክትትል ሥር ያለ ልጅም ሐኪሙ ከፈቀደ መጫወት ይችላል፤ መድኃኒቱ ግን ከቦርሳው አይለይ። በእኛ ሁኔታ ይበልጥ ሊያሳስበን የሚገባው ሌላ ነው፦ አንድ ትራምፔት ለሦስት ልጆች መዳረሱ። ቢቻል እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ማውዝፒስ ይኑረው፤ ካልተቻለ ከልጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ በሳሙናና በለብታ ውሃ ይታጠብ። ሪድ ግን በምንም ምክንያት አይጋራም። ጉንፋን የያዘው ልጅ በዚያ ሳምንት ኖታ ያንብብ፣ ምት ያጨብጭብ።

«ረጅም ልጅ ትሮምቦን፣ ሴት ልጅ ፍሉት»

ሁለተኛውን ቶሎ እንለፈው፤ ሴት ልጅ ትራምፔት እንዳትነፋ ወይም ከበሮ እንዳትመታ የሚከለክል የአካል ምክንያት የለም። ትሮምቦንን ግን በጥንቃቄ እንመልከት። ስላይዱ (ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚጎተተው ቱቦ) 7 ቦታዎች አሉት። የጀማሪ ባንድ መጻሕፍት የሚከፍቱባቸው አምስት ድምፆች ቢ ፍላት፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት እና ኤፍ ሲሆኑ በትሮምቦን 1ኛ፣ 6ኛ፣ 4ኛ፣ 3ኛ እና 1ኛ ቦታ ላይ ናቸው። ገና በሁለተኛው ድምፅ 6ኛ ቦታ ይመጣል ማለት ነው፤ ክንድ እስከ መጨረሻው ይዘረጋል። ስለዚህ መለኪያው ቁመት ሳይሆን ክንድ ነው። ልጁ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ትከሻውን ሳያጣምም 6ኛውን ከነካ ይጀምር። ካልነካ ድምፁ ሁልጊዜ ከፍ ብሎ ይወጣበታል፣ «ጆሮ የለውም» የሚባለውም ያኔ ነው።

«ዶ ሲባል ሁሉም ዶ ይንፉ»

በጀማሪ ባንድ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ትርምስ የሚፈጥር ስህተት የለም። መምህሩ ኪቦርድ ላይ ዶን፣ በፊደል ስሙ ሲን፣ ይመታና «ሁላችሁም ሲ ንፉ» ይላል። ፍሉቱ እውነተኛውን ሲ ያሰማል፣ ትራምፔቱና ክላርኔቱ ቢ ፍላት፣ አልቶ ሳክስፎኑ ኢ ፍላት። በአንድ ጊዜ ሦስት ድምፅ ተሰማ፤ ጥፋቱ ግን ከልጆቹ የማንም አይደለም፣ መሣሪያዎቹ የተሠሩት እንዲህ ነው። ሁሉም አንድ ድምፅ እንዲያወጡ ከተፈለገ ኪቦርዱ፣ ፍሉቱና ትሮምቦኑ ቢ ፍላት ሲይዙ፣ ትራምፔት፣ ክላርኔትና ቴነር ሳክስፎን የራሳቸውን ሲ፣ አልቶ ሳክስፎን ጂን ይንፉ። ይህን በትልቅ ወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ብዙ ልምምድ ያድናል።

ከዚህ ጋር የሚሄደው ሌላው አባባል «በፈረንጅ መሣሪያ የእኛ ቅኝት አይወጣም» የሚለው ነው። እንዲያውም ለጀማሪ የሚቀለው የእኛው ቅኝት ነው። ሙሉ ትዝታ ከሜጀር ስኬል (ከዶ ጀምሮ ከሚወጡት ሰባት ድምፆች) 1ኛውን፣ 2ኛውን፣ 3ኛውን፣ 5ኛውንና 6ኛውን ይወስዳል። በትራምፔት ንባብ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው፤ ጣቶቹም፦ ክፍት (ምንም ቫልቭ ሳይጫን)፣ 1 እና 3፣ 1 እና 2፣ ክፍት፣ 1 እና 2። በክላርኔት እነዚሁ አምስት ኖታዎች ሙሉ በሙሉ በግራ እጅ ይጨረሳሉ፤ ቀኝ እጅ መሣሪያውን ይደግፋል እንጂ ቀዳዳ አይደፍንም። አራተኛውና ሰባተኛው ድምፅ ስለሌሉ የሚጋጭ ድምፅ ጥቂት ነው፤ ልጁ ኖታ ቢስት እንኳ ጆሮ ብዙም አይጎዳም። ለዚህም ነው የመጀመሪያው የጋራ ዜማ በትዝታ ቢሆን የምንመርጠው፤ ልጆቹ ከቤታቸው የሚያውቁትን ነገር ሲሰሙ ስህተታቸውንም ራሳቸው ይለያሉ። ቴነር ሳክስፎን ይዞ ሽለላን ያስፉከረው ጌታቸው መኩሪያ የዚህ መሣሪያ አንደበት እስከ የት እንደሚደርስ አሳይቷል።

«ጠዋት ተቃኝቶ ነበር፣ መሣሪያው ስላረጀ ነው የተበላሸው»

የድሬ ሙቀት ነው። አየር ሲሞቅ ድምፅ በውስጡ ቶሎ ይሄዳል፤ የትንፋሽ መሣሪያም ሲሞቅ ድምፁ ከፍ ይላል። ግማሽ ድምፅ (በኪቦርድ ላይ ከአንድ ቁልፍ እስከ ጎረቤቱ ቁልፍ ያለው ርቀት) ለ100 ቢከፈል፣ በመሣሪያው ውስጥ ያለው አየር በ1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ወደ 3 ያህል ይወጣል። በግንቦትና በሰኔ ቀትር ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው አዳራሽ ውስጥ ልዩነቱ ለማንም ጆሮ ይሰማል። ኪቦርዱ አይንቀሳቀስም፤ የብረት ክር ያለው ክራር ደግሞ ክሩ ስለሚላላ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ በወላጆች ቀን መድረክ ላይ ሦስቱ በሦስት አቅጣጫ ይለያያሉ።

መፍትሔው የታወቀ ነው። መጀመሪያ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ተነፍቶ መሣሪያው ይሙቅ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ይቃኝ። ትራምፔት ከፍ ካለ ዋናው የመቃኛ ቱቦ ይጎተት፤ 1 ሴንቲ ሜትር ሲወጣ ቧንቧው በሁለቱም ክንዱ በድምሩ በ2 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ድምፁም የግማሽ ድምፅ ሩብ ያህል ይወርዳል። ክላርኔት በበርሜሉና በላይኛው አካል መካከል 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ይከፈት። ክራሩ መጨረሻ ላይ ይቃኝ።

ባንዱ በደንገጎ በኩል ወደ ሐረር ሲወጣ ነገሩ ይገለበጣል፤ ድሬ ላይ የተጎተተው ቱቦ ሐረር ላይ መልሶ መግባት አለበት። «ከፍታው ነው» ይባላል፤ የሚለውጠው ግን ከፍታው ሳይሆን የአየሩ ቅዝቃዜ ነው።

ሙቀቱ ድምፅን ብቻ አይነካም። የክላርኔትና የሳክስፎን ፓዶች (ቀዳዳዎቹን የሚደፍኑት ለስላሳ ክብ ንጣፎች) የተያዙት በሙቀት በሚቀልጥ ሙጫ ነው። ሣጥኑ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ወይም ባጃጅ ውስጥ ከተረሳ ፓዱ ይንሸራተታል፣ ቀዳዳው አይዘጋም፣ ዝቅተኛ ድምፆች ይጠፋሉ። የእንጨት ክላርኔት በድርቀትና በሙቀት መለዋወጥ ይሰነጠቃል፤ ለድሬ ልጅ የፕላስቲኩ ይሻላል፣ ያንስብኛል ብሎ ማፈርም አያስፈልግም።

«ከበሮ ለማይችለው ልጅ ይሰጥ»

ምቱ ሲፈርስ መላው ባንድ አብሮ ይፈርሳል፤ ስለዚህ ከበሮ ላይ ተጠባባቂ አይቀመጥም። መለማመጃው በርካሽ ይገኛል፦ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ የጎማ ቁራጭ። ልጁ ግራና ቀኙን እያፈራረቀ ይምታ፣ ሁለቱ እጆች እኩል ከፍታ ይነሱ፣ እኩል ድምፅ ይስጡ፤ ደካማው እጅ ሁልጊዜ ይዘገያል፣ ልምምዱም በእርሱ ይጀመር። የመጻሕፍቱ ትምህርት በአራት ምት ይጀምራል፤ እዚህ ያደገ ልጅ ግን ጭክጭካውን በእግሩ ይዞት ይመጣል፣ ስለዚህ የጭክጭካን ምት፣ ስድስት ስምንተኛውን (6/8)፣ በመጀመሪያው ወር ማስገባት ይቻላል። በቆዳ የተለጎመ ከበሮ በደረቅ ሙቀት ይወጠራል፣ በእርጥበት ይላላል፤ ከጨዋታ በኋላ ከፀሐይ ይነሳ።

«ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ከተለማመደ ይበቃዋል»

የከንፈር ጡንቻ በአንድ ቀን አይሠራም። በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ በመሐልም የነፋውን ያህል እየዐረፈ ይሻለዋል። ሰዓቱ ደግሞ ከከተማው ልማድ ጋር ይስማማ። ከቀትር በኋላ ድሬ የምታርፍበት ሰዓት ነው፤ ያኔ ትራምፔት መንፋት ከጎረቤት ያጣላል፣ ሙቀቱም ልጁን ያደክመዋል። ጠዋት ከትምህርት በፊት ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ይመቻል፣ አዛን ሲሰማ ቆም ይባል። በረመዳን የሚጾሙ ልጆች ከንፈራቸው ይደርቃልና በቀን ውስጥ የምትና የኖታ ንባብ ትምህርት ይውሰዱ፤ የሚነፉ ከሆነ ከአፍጥር በኋላ ይሁን።

«በፈላ ውሃ ይታጠብ፣ የወጥ ቤት ዘይት ይቀባ»

የፈላ ውሃ የናሱን ቫርኒሽ ይልጣል፣ የክላርኔትን ጎማ መሰል ማውዝፒስም ቀለሙን ያበላሻል። ለብ ያለ ውሃ ይበቃል። የድሬ ውሃ ጨዋማ ድንጋይ እንደሚተው ማንቆርቆሪያ ያላት ቤት ሁሉ ታውቃለች፤ ትራምፔት ታጥቦ ሳይደርቅ ከተቀመጠ ያው ነጭ ቅርፊት ቫልቩ ውስጥ ይጋገራል። ስለዚህ በጨርቅ ይድረቅ፣ ከዚያ በእያንዳንዱ ቫልቭ ላይ 3 ወይም 4 ጠብታ የቫልቭ ዘይት። የምግብ ዘይት ሙጫ ይሆናል፣ የስፌት መኪና ዘይትም ለቫልቭ ይወፍራል። ለመቃኛ ቱቦዎች ግን ቫዝሊን ይሠራል። ልጁ ጁስ ወይም ስኳር የበዛበት ሻይ ጠጥቶ ከሆነ ከመንፋቱ በፊት አፉን ይጉመጥመጥ፤ ስኳሩ ፓዶቹን ያጣብቃል።

ማውዝፒስ ትራምፔት ላይ ተጣብቆ እምቢ ሲል ቤት ውስጥ በፒንሳ አይጎተት። ፒንሳ የሚያጣምመው ማውዝፒሱን ብቻ አይደለም፤ ማውዝፒሱ የሚገባበትን፣ ከትራምፔቱ ጋር የተበየደውን ቀጭን ቱቦ ጭምር ሊገነጥል ይችላል። ለዚሁ የተሠራ መንቀያ አለ፤ የማርሽ ባንድ ሰዎች ዘንድ ስለሚገኝ መሣሪያው እንደተጣበቀ ወደነሱ ይወሰድ።