አቢሲኒያን ድመት ምንድን ናት?

ሰሞኑን አንድ ሰው የአቢሲኒያን ድመት ፎቶ ለጥፎ "ከመቅደላ የተዘረፈች ድመታችን ትመለስልን" አለ። ከሥሩ ባንዲራ በባንዲራ ሆነ። ዝም ብዬ ላልፍ ነበር። በዚያው ሳምንት ግን አንድ ደንበኛ ዳማ የመንደር ድመት በቅርጫት ይዞ ወደ እንስሳት ክሊኒኬ መጣና "አቢሲኒያን ናት፣ በውድ ነው የገዛኋት" ሲለኝ ትዕግሥቴ አለቀ።

አቢሲኒያን እንግሊዝ አገር ውስጥ ተመርጦ የተራባ፣ ፀጉረ አጭር የድመት ዝርያ ነው። ስሙ የኛ ነው። ድመቷ የኛ ስለመሆኗ ግን ማስረጃ የለም።

ወሬው የተነሳው በ1868 ነው (ቁጥሩ ሁሉ በፈረንጅ ነው፣ በኛ 1860 መሆኑ ነው)። አፄ ቴዎድሮስን የወጋው የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር ከመቅደላ ሲመለስ አንዲት የመኮንን ሚስት ዙላ የምትባል ድመት ይዛ ገባች ተባለ። በ1871 ደግሞ ለንደን፣ ክሪስታል ፓላስ በተደረገው የድመት ውድድር ላይ "በአቢሲኒያ ጦርነት የተያዘች" የተባለች ድመት ሦስተኛ ወጣች። በቃ፣ ይኸው ነው። የዙላ ሥዕል በ1874 በታተመ መጽሐፍ ላይ አለ። ጆሮዋ ትንሽ ነው። የዛሬዋ አቢሲኒያን ደግሞ ገና ከሩቅ የምትታየው በጆሮዋ ነው። ዙላን ከዛሬዎቹ ጋር የሚያገናኝ የዘር መዝገብም የለም።

በሌላ በኩል ኔዘርላንድ፣ ላይደን የሚገኝ ሙዚየም በ1830ዎቹ የገዛት፣ ቆዳዋ ተሞልቶ የተቀመጠች ድመት አለች። መልኳ ቁርጥ አቢሲኒያን ነው። መለያዋ ላይ የተጻፈው ግን ህንድ ነው። የዘረመል ጥናቶችም ጣታቸውን የሚቀስሩት ወደ ህንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ነው።

ነገሩን በቡና ልየው። ሞካ የየመን ወደብ ነው። የሐረር ቡና ስንት ዘመን "ሞካ" እየተባለ ፈረንጅ ቤት ተጠጣ። ይሄ ሲነሳ ደማችን ይፈላል፣ ልክም ነን። ዙላም እኮ ወደብ ነበር፤ ናፒየር ጦሩን ያራገፈበት፣ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ያለ ቦታ። ታዲያ ቡናችን በሰው ወደብ ሲጠራ "ኧረ የኛ ነው" ብሎ የሚጮህ ሰው፣ የሰው ድመት በኛ ስም ስትጠራ ምነው ጭጭ አለ? እርግጥ ምሳሌዬ ትንሽ ያነክሳል። ቡና ዘሩ ከኛ መሆኑ አያከራክርም፣ ድመቷ ህንዳዊት ናት ብሎ ለመማል ግን እኔም አልደፍርም። ዘረፋ ካነሳህ ደግሞ፣ ወንድሜ፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ 11 ታቦት አለ። ስለሱ ጻፍ፣ እኔም አጋራልሃለሁ።

(ሶማሊ የሚባል ድመትም አለ። ፀጉሩ ረዘም ያለው አቢሲኒያን ነው። አሜሪካኖች ናቸው ስሙን ያወጡለት፣ ሶማሊያ የአቢሲኒያ ጎረቤት ናት ብለው። ሌላ ምክንያት የለውም።)

ታዲያ በምን ትታወቃለች? በቀለም አይደለም። ዳማ ድመት በየሰፈሩ ሞልቷል። ሶፋ ላይ ከረገፈው ፀጉር አንዷን አንሳና ብርሃን ላይ ያዛት። ከሥሯ ነጣ ትላለች፣ ቀጥሎ ጠቆር፣ እንደገና ነጣ፣ ጫፏ ላይ ጠቆር። አንዲት ፀጉር፣ በላይዋ ቀለበት በቀለበት። የጥንቸል ፀጉር እንደዚያው ነው፣ ለዚህም ድሮ እንግሊዞቹ የጥንቸል ድመት ይሏት ነበር። እንዲህ ያለ ፀጉር የመንደር ድመትም ሊኖራት ይችላል፤ ስለዚህ ፀጉሩ ብቻውን አይበቃም፣ የወላጆቿ የዘር ወረቀት ያስፈልጋል። የደንበኛዬ ድመት ጎኗና እግሯ ዥንጉርጉር ነበር። ወረቀትም የላት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷን ወግቼ ሸኘኋት። ድመትም ያንን በሽታ ታስተላልፋለች፣ እባካችሁ።

አያያዟ ቀላል ነው። ፀጉሯን በሳምንት አንዴ ማበጠር ይበቃል። ከባዱ ጠባይዋ ነው። ጭን ላይ ተኝታ የምታንኮራፋ ድመት የፈለገ ሌላ ይፈልግ። ይህቺ ፍሪጅ ላይ ናት፣ ከዚያ ቁም ሳጥን ላይ፣ ከዚያ መጋረጃው ላይ። ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ከተዘጋባት ቤቱን ታተረማምሰዋለች። ድዷ ቶሎ ይታመማል፣ ስለዚህ ጥርሷን መቦረሽ ከልጅነቷ ይለመድ። አንድ ነገር ደግሞ ለሁሉም ድመት፦ በጾም ወቅት እንጀራ በሽሮ ብቻ የምትሰጡ ሰዎች አላችሁ። ድመት አትጾምም። ከሥጋ የምታገኘው ታውሪን የሚባል ነገር ከጎደላት ዓይኗና ልቧ ይጎዳል።

ዓይን ካነሳሁ፣ በ2007 ይፋ የሆነው የመጀመሪያው የድመት ጂኖም (ሙሉው የዘረመል መረጃ) የአንዲት አቢሲኒያን ነበር፣ ሲናሞን ትባላለች። በዘር የሚተላለፍ፣ ቀስ በቀስ የሚያሳውር የዓይን በሽታ ካለበት ቤተሰብ ነበረች። ዝርያው ይሄ አለበት። ቀይ የደም ሴሎችን ቶሎ ቶሎ የሚያፈርስ የደም ማነስም አለበት። ሁለቱም በዘረመል ምርመራ ይታወቃሉ፤ ግልገሏ የምትታመመው ከእናትም ከአባትም ጉድለቱን ስትወርስ ነው፣ ስለዚህ ወላጆቿ ጤነኛ መስለው መታየታቸው ምንም አይነግርህም። ውጭ አገር ሆነህ ልትገዛ ካሰብክ የሁለቱንም ወላጆች ውጤት በወረቀት ጠይቅ። ሻጩ "የምን ምርመራ?" ካለህ ገንዘብህን ይዘህ ውጣ።