አሪልብሬድ አይሪስ ምንድን ነው? መጠኑና የአበባው ቅርጽስ ለምን ይለያያል?

በአዳማ ግቢያቸውን በአበባ የሚያስውቡ ሰዎች በቴሌግራም ከሚቀባበሏቸው ፎቶዎች መካከል «አሪልብሬድ» የሚል ስም የተጻፈባቸው አይሪሶች ይገኙበታል። አንዱ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ሲያብብ ሌላው ወገብ ይደርሳል፤ የአንዱ አበባ ክብ፣ የሌላው ሾጠጥ ያለና ረዘም ያለ ነው። ልዩነቱ ከአፈሩና ከእንክብካቤው የመጣ ሊመስል ቢችልም ዋናው ምክንያት የዘር ሐረጋቸው ነው።

አሪል የሚባሉት አይሪሶች ስማቸውን ያገኙት በዘራቸው ፍሬ ጫፍ ላይ ከሚገኘው ነጭና ሥጋማ ክፍል ሲሆን፣ ዋና ዋናዎቹ ወገኖች ኦንኮሳይክለስና ሬጌሊያ ናቸው። አሪልብሬድ ደግሞ ከእነዚህ አንዱ ወይም ሁለቱም በየአትክልት ቦታው ከተለመደው ጺማም አይሪስ (በታችኞቹ የአበባ ቅጠሎቹ ላይ ጺም መሳይ ፀጉር ካለው) ጋር ተዳቅለው የተገኘ ዝርያ ነው።

የቅርጹ ልዩነት ጎልቶ የሚታየው በኦንኮሳይክለስ ወገን ነው። ከቱርክና ከካውካሰስ እስከ ኢራን፣ እንዲሁም በሶርያ፣ በሊባኖስ፣ በእስራኤልና በዮርዳኖስ የሚበቅሉት እነዚህ አይሪሶች በአንድ ግንድ ላይ አንድ አበባ ብቻ ያወጣሉ። ወደ ላይ የሚቆሙት ሦስቱ የአበባ ቅጠሎች ሰፊና ወደ ውስጥ የታጠፉ፣ ወደ ታች የሚወርዱት ሦስቱ ደግሞ መሐላቸው ላይ ጠቆር ያለ ሰፊ ነጥብ ያለባቸው ናቸው፤ ጺማቸውም በቀጭን መስመር ሳይወሰን ወርዱን ሁሉ ይበተናል። ሆኖም በዚሁ ወገን ውስጥ አይሪስ ጌትሲ እጅግ ትልቅ አበባ ሲያወጣ አይሪስ አኩቲሎባ ትንሽና ሹል አበባ አለው። ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው፣ በእኔ እምነት፣ አይሪስ ፓራዶክሳ ነው፦ የላይኞቹ ቅጠሎቹ ትልልቅ ሲሆኑ የታችኞቹ እጅግ አጥረው በጥቁር ከፋይ መሳይ ፀጉር ተሸፍነዋል። የዮርዳኖስ ብሔራዊ አበባ የሆነው ጥቁሩ አይሪስም የዚሁ ወገን ነው።

የመካከለኛው እስያው ሬጌሊያ በአንድ ግንድ ብዙውን ጊዜ ከአንድ በላይ አበባ ይይዛል፤ የአበባ ቅጠሎቹ ጠበብና ረዘም ያሉ ሲሆኑ ጺሙ በላይኞቹም በታችኞቹም ላይ ይወጣል። ስለዚህ ረዘም ያለ አበባ ያለው አሪልብሬድ ሲታይ የሬጌሊያን ዘር መጠርጠር ተገቢ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የአሪል ድርሻው ምን ያህል ነው የሚለው ነው። የኦንኮሳይክለስ ክሮሞሶም (የዘር ባሕርይ የሚያስተላልፈው የሕዋስ ክፍል) 20 ማለትም አሥር አሥር የያዙ ሁለት ስብስቦች፣ የረጅሙ ጺማም አይሪስ 48 ማለትም አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት የያዙ አራት ስብስቦች ነው። ከሁለቱም ወገን ሁለት ሁለት ሙሉ ስብስብ የያዘ ዲቃላ 44 ክሮሞሶም ይኖረዋል፤ እያንዳንዱ ስብስብ አቻውን ስለሚያገኝም ዘር መስጠት ይችላል። አይሪስ አዳቃዩ ክላረንስ ጂ. ዋይት በካሊፎርኒያ ያገኟቸው ፍሬያማ ዲቃላዎች ለዘመናዊው አሪልብሬድ መሠረት የሆኑትም በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለው ዲቃላ እንደገና ከረጅም ጺማም አይሪስ ጋር ቢዳቀል ልጁ 46 ክሮሞሶም ይኖረዋል፤ ከእነዚህ የአሪል የሆኑት 10 ብቻ ናቸው። እንዲህ ያለው ተክል ይረዝማል፣ ቅርንጫፍና እምቡጥ ያበዛል፤ ክብ ቅርጹና ጥቁር ነጥቡ ግን ሊደበዝዙ ይችላሉ። የጺማሙ ወላጅ ድንክ ከሆነ ልጁም አጭር ይሆናል። ይሁን እንጂ ድርሻው ብቻውን መልኩን አይወስንም፤ እኩል የአሪል ድርሻ ያላቸው ሁለት ተክሎች አንዱ ከጌትሲ፣ ሌላው ከፓራዶክሳ ቢወለዱ አበባቸው ፈጽሞ አይመሳሰልም። ስለዚህ ሻጩን የወላጆቹን ስም መጠየቅ ድርሻውን ከመጠየቅ ይበልጣል እላለሁ።

ለአዳማ አትክልተኛ ይህ ከመልክም ያለፈ ጉዳይ ነው። አሪል አይሪሶች በትውልድ ቦታቸው እርጥበት የሚያገኙት በቀዝቃዛው ወቅት ሲሆን በሞቃታማው ወራት በደረቅ አፈር ውስጥ ያርፋሉ፤ አዳማ ላይ ግን ዝናቡ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ፣ አፈሩ ገና ሞቅ እንዳለ ነው። እንደ ዝንጅብል አግድም የሚሄደው ወፍራም ግንዳቸው በዚህ ጊዜ በቀላሉ ይበሰብሳል። የአሪል ድርሻው ከፍ ያለውን ዝናብ በማይደርስበት በረንዳ ሥር፣ አሸዋና ጠጠር በበዛበት ማሰሮ ማኖር ይሻላል፤ ድርሻው ዝቅ ያለው ውኃ በማይቋጥር ከፍ ያለ መደብ ላይ የተሻለ የመቋቋም ዕድል አለው።